ብሩ ስንት ጣሳ ገብስ ይገዛል?

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነው። ወሩ ግንቦት፣ ቀኑም ቅዳሜ ነው። በወሎ ደጋ፣ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ተሰብስቧል። ዛሬ የሴፍቲኔት ገንዘብ ይከፈላል ተብሏል። እኛም በዚያ ቀን እዚያ ነበርን።

ሰልፉ ሁለት ነው። በአንደኛው ጎልማሶችና ወጣቶች ቆመዋል። እነዚህ እርከን ሠርተው፣ ችግኝ ተክለው፣ መንገድ ጠርገው ገንዘብ የሚቀበሉ ናቸው። ሁለተኛው የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ሰልፍ ነው። ሰልፍ ይባል እንጂ የቆመ ሰው የለበትም። የተሰለፈው ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድንጋይ አስቀምጦ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ብሏል። ድንጋዩ ወደፊት ሲገፋ ባለቤቱ በዐይኑ ይከተለዋል።

"የኔ ያ ቀዩ ነው፤ እንዳትረግጡብኝ" ይላሉ አንድ አዛውንት።

ከጥላው ሥር ከተቀመጡት አንዲት እናት አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። እኛም እማማ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ጠየቅናቸው።

"ጣልያን ሲወጣ ጡት ትጠቢ ነበር ይሉኛል" አሉን።

ጣልያን ከአገራችን የተባረረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እማማ በዚያ ቀን 75 ዓመት ገደማ ነበሩ ማለት ነው።

ተራቸው ደረሰ። ገንዘብ ያዡ ስማቸውን ጠራ። እማማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከአንገታቸው አንድ ክር ፈቱ። በክሩ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ አለ። ገንዘብ ያዡ ካርዱን አየ፤ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረ።

"እማማ፣ እዚህ ላይ ይጫኑ" አላቸው።

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ተጫኑ። ብሩ ተቆጥሮ ተሰጣቸው። በነጠላቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

"እማማ፣ ስንት ሰጡዎት?" ብለን ጠየቅን።

"ምኑን ዐውቄው ልጄ! የሰጡኝን ነዋ የተቀበልኩ።"

ከእማማ ጋር አንድ ጎረቤት መጥተዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ በማታ ትምህርት ነው። አሁንም ቢሆን በጣታቸው እየተከተሉ ነው የሚያነቡት።

"እስቲ ካርዱን ወዲህ ይበሉት" አሉ።

ካርዱን ወደ ፀሐይ ዘወር አድርገው ያዙት። የእማማን ስም አነበቡ። የቀበሌውን ስም አነበቡ። ከዚያ በታች ያለውን ግን ቆም እያሉ ነው ያነበቡት።

"የ... ቤተ... ሰብ... ብዛት... 1።"

ዝም አሉ። ጣታቸውን መልሰው እንደገና አነበቡ።

"አንድ ነው የሚለው" አሉ።

"አንድ ማለት?" አሉ እማማ።

"አንቱ ብቻ ማለት ነዋ።"

"እነዚያ ልጆችሳ? ልጆቹ የማን ናቸው?"

የእማማ ልጅ ወደ አረብ አገር ከሄደች 3 ዓመት ሆኗታል። ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ነው የሄደች። በእማማ ቤት በአንድ ገበታ የሚቀርበው ሦስት ሰው ነው። በካርዱ ላይ ግን አንድ ሰው ብቻ አለ። ካርዱ ከተሰጣቸው 8 ወር አልፎታል። በነዚህ 8 ወሮች እማማ ካርዱን እንደ ክታብ በአንገታቸው አንጠልጥለው ኖረዋል። ምን እንደሚል ግን ማንም አልነገራቸውም።

ድርቁና ሽማግሌው

በ2007 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። በወሎ ደጋ ብዙ ሰው የሚኖረው በበልግ ገብስ ነው። ክረምቱም ዘግይቶ ገባ፤ የገባውም ሳስቶ ነው። ምክንያቱ ኤልኒኖ የሚባለው ነው። ከኛ እጅግ ርቆ የሚገኝ ፓስፊክ የሚባል ትልቅ ውቅያኖስ አለ። የዚያ ውቅያኖስ ውሃ በየጥቂት ዓመቱ ከልኩ በላይ ይሞቃል። ያን ጊዜ የዓለም ነፋስ ይዛባል፤ የኛም ክረምት ይጎድላል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን 10 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ሰው የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነግሮ ነበር። ይህም በሴፍቲኔት ከታቀፈው 8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ሌላ ነው።

ድርቅ ሁሉንም ይመታል። ሽማግሌን የሚመታው ግን በሌላ በኩል ነው። ወጣቱ እህል ሲያጣ ተነሥቶ ይሄዳል። ከተማ ወርዶ ሸክም ይሸከማል፤ ወይም ሰሊጥ አጨዳ ይሄዳል። ሽማግሌው ቤቱን፣ ከብቱንና የልጅ ልጆቹን እየጠበቀ ይቀራል። ምንጩ ሲደርቅ ውሃ የሚቀዳለት የለም። ማሳውን ለእኩል ሰጥቶ እንደሆነ፣ ካልበቀለ ማሳ እኩሌታው ምንም ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ገበያው ነው። ድርቅ ሲገባ ሰው ሁሉ ከብቱን ለመሸጥ ይወጣል። ሻጭ ሲበዛ የበግ ዋጋ ይወርዳል። እህል ግን አነስተኛ ነውና ዋጋው ይወጣል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ምስኪኑ መካከል ላይ ይጨፈለቃል።

እማማ ስድስት በጎች ነበሯቸው።

"የመጀመሪያዋ በግ ለሁለት ወር አበላችን" አሉን። "ሁለተኛዋ ለአንድ ወር። ያችኛዋማ ሳምንትም አልቆየች።"

በጎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የተለወጠው ገበያው ነው። ስለዚህ የዕርዳታ ገንዘብ የሚጠቅመው በጎቹ ሳያልቁ ሲደርስ ነው። ሁለት ወር የዘገየ ብር ሙሉ ሆኖ ቢመጣም በጓን አይመልሳትም። እማማን ባየናቸው ቀን የቀረቻቸው አንዲት በግ ነበረች።

ለምን ብር? ለምን እህል አይሆንም?

ብዙ ሰው "የተራበ ሰው እህል እንጂ ወረቀት ይበላል ወይ?" ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን እንደ ጊዜው ይለያያል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሀብ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ስለዚያ ረሀብ አማርትያ ሴን የሚባሉ የህንድ ተወላጅ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 መጽሐፍ አውጥተዋል። እሳቸው ያስተዋሉት ነገር ይህ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይሄድ ነበር። ገበሬው ማሳው ስለ ደረቀ የሚበላው አጣ፤ የሚሸጠውም አጣ። የሚሸጠው ስለ ሌለው የሚገዛበት አልነበረውም። ነጋዴውም እህሉን የሚገዛው ሰው ወዳለበት አገር ወሰደው።

ይህን ስንሰማ እኛም ደንግጠናል። በመንገድ ዳር ሰው ሲወድቅ በዚያው መንገድ ላይ እህል የጫነ መኪና ያልፍ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ለገበሬው ብር ቢሰጠው ነጋዴው እህሉን ወደሱ ያመጣዋል። በ1970ዎቹ ይህ በአገራችን ተሞክሯል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት፣ ማለትም ዩኒሴፍ፣ ከዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ጋር ሆኖ በአንዳንድ ወረዳዎች በእህል ፈንታ ገንዘብ አድሏል።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሴፍቲኔት ተጀመረ። ከዚያ በፊት ዕርዳታ የሚመጣው በየዓመቱ ተለምኖ ነበር። መርከብ እስኪደርስ ብዙ ወር ያልፋል። በሴፍቲኔት ግን ችግረኛው ቤተሰብ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ድጋፉም በየዓመቱ በታወቀ ወር እንዲሰጠው ይደረጋል ተባለ። መሥራት የሚችል ሠርቶ ይቀበላል። መሥራት የማይችል ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም በሽተኛ፣ ደጋፊ ከሌለው ሳይሠራ ይቀበላል። ይህ ቀጥተኛ ድጋፍ ይባላል። በሴፍቲኔት ከታቀፈው ሕዝብ ከ10 ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ያለው ነበር።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቀጥተኛ ድጋፍ ልክ በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ወይም የዚህ ዋጋ በብር ነበር። ለሚሠሩት በዓመት 6 ወር፣ ለቀጥተኛ ድጋፎች 12 ወር ይከፈል ነበር። ይህም ተገቢ ነው። ሽማግሌ በክረምት ብቻ አይበላም።

ስድስት ብር

አሁን እስቲ አብረን እናስላ። እርሳስ ያላችሁ እርሳስ ያዙ።

ሴፍቲኔት ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ነበር። ስድስት ብር የሆነበት ምክንያት አለ። ያን ጊዜ 6 ብር 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው። ይህም ለአንድ ኪሎ 2 ብር ማለት ነው። በወር የ5 ቀን ይከፈላል። አምስት ጊዜ ስድስት 30 ነው። 30 ብር 15 ኪሎ እህል ይገዛል። እዚህ ድረስ ሒሳቡ ልክ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በአገሩ ሁሉ ናረ። ክፍያውም ከ6 ብር ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ። አምስት ጊዜ ስምንት 40 ነው። ብሩ ጨመረ። ግን አንዱ ኪሎ እህል ከ2 ብር ወደ 4 ብር ወጥቶ እንደሆነ 40 ብር ስንት ኪሎ ይገዛል? 10 ኪሎ ብቻ ነው። ብሩ በ10 ብር ጨመረ፤ እህሉ በ5 ኪሎ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ክፍያው ወደ 10 ብር ከፍ ብሏል። ገበያው ግን ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

በዚያን ጊዜ አስቀድሞ "ብር ይሻለናል" ይሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች "እህሉን ስጡን" ማለት ጀመሩ። አሳባቸውን የለወጡት ወላዋይ ስለሆኑ አይደለም። ብሩ ስንት ጣሳ እንደሚገዛ ስለሚያውቁ ነው። የእህል ዕርዳታ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም 15 ኪሎው ያው 15 ኪሎ ነው። በብር ሲሆን ግን የዋጋው ጭማሪ በተቀባዩ ላይ ይወድቃል።

ጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት መንገዱን የቆረጠው ቦታም እንደዚሁ ነው። ገበያ ከሌለ ብር በመቀነት ታስሮ ይቀራል። እዚያ አስቀድሞ መድረስ ያለበት ዱቄትና ብርድ ልብስ ነው። ብሩ መንገዱ ሲከፈት ይደርሳል።

ከዛፉ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች "ለእናንተ የትኛው ይሻላል?" ብለን ጠየቅናቸው። ክርክር ተነሣ።

"ብር ነው የሚሻል" አሉ ባለ ቀዩ ድንጋይ። "እህል ሲሰጡን በትከሻዬ አልችለውም። አህያ እከራያለሁ። ለአህያው ባለቤት ሁለት ጣሳ እሰፍራለሁ። ወፍጮው ብር ይፈልጋል፤ ሌላ ሁለት ጣሳ አውጥቼ በርካሽ እሸጣለሁ። ቤቴ የሚገባው ጎዶሎ ነው። ብር ሲሆን ግን ጨውም፣ በርበሬም፣ የወፍጮም ከዚያው ይወጣል።"

"ኧረ ተዉኝ እቴ!" አሉ አንዲት ሌላ እናት። "ብር ዐይን ይበዛበታል። እህል ጎታ ውስጥ ገብቶ ይከደናል። ብር የያዝኩ ቀን ልጅ ይጠይቀኛል፣ ባለ ዕዳ ይጠይቀኛል፣ ጎረቤት አበድሪኝ ይላል። ማታ ስፈታው የለም።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ ሌላው።

እማማን ደግሞ "ብሩን ተቀብለው መጀመሪያ ምን ያደርጉበታል?" አልናቸው።

"የቅሬዬን ነዋ" አሉ ሳያቅማሙ።

ቅሬ ሸዋዎች ዕድር የሚሉት ነው። እኛ አስቀድመው ገብስ የሚገዙ መስሎን ነበር። እማማ ግን ሁለት ወር የቅሬ መዋጮ ውዝፍ ነበረባቸው። ውዝፉ ሲበዛ ከቅሬው መሠረዝ ይመጣል።

"ሆዴስ ቢጎድል ያድራል" አሉ። "ሬሳዬ ግን የሚያነሣው ሰው ይፈልጋል።"

በእህል ዕርዳታ ይህን መክፈል አይቻልም። በ15 ኪሎው ሒሳብ ውስጥም የተጻፈበት ቦታ የለም።

በሰው እጅ ማስቀበል

ከዚያው ሰልፍ ያልመጡም ነበሩ። የክፍያ ቦታ ከተቀባዩ ቤት ከ3 ሰዓት የእግር መንገድ በላይ እንዳይርቅ በመመሪያው ተጽፎ ነበር። ለጎልማሳ የ3 ሰዓት መንገድ ለ80 ዓመት ሽማግሌ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን መመሪያው አይናገርም። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው። ስለዚህ መሄድ ያልቻለ ሰው ሌላ ሰው ወክሎ ማስቀበል ይችላል።

ውክልና ጥሩ ነገር ነው። የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። አንድ ዐይናቸው የጠፋ አዛውንት ቤታቸው ሄደን አነጋገርናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነው የሚቀበልላቸው።

"ለመንገዱ እያለ ትንሽ ያስቀራል" አሉን።

"ስንት ያስቀራል?"

"ያስቀረውን እንጂ ያመጣውን መች ዐውቄ።"

ልጁንም አነጋገርነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ውሃ ይቀዳላቸዋል፤ እንጨት ይለቅምላቸዋል። የሚያስቀረውን እንደ ድካሙ ዋጋ ነው የሚያየው። ምናልባት ልክ ነው። ግን ስንት እንደሚያስቀር እሳቸው ሊያውቁ ይገባ ነበር። ተስማምተው የቆረጡት ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ በጨለማ የተቆረጠ ሌላ ነገር ነው። ካርዱን ተቀብለን የዚያን ወር ክፍያ አነበብንላቸው። አዛውንቱ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ልጁን ጠርተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ የመንገድህን እኔ ቆጥሬ እሰጥሃለሁ" አሉት። ልጁ አቀርቅሮ "እሺ አባባ" አለ።

"ልጇ አረብ አገር ናት"

ወደ እማማ ካርድ እንመለስ። ያ 1 ቁጥር እንዴት ተጻፈ?

ማን በሴፍቲኔት ይታቀፍ የሚለውን የሚመርጠው የአካባቢው ሰው ራሱ ነው። ከኅብረተሰቡ የተመረጡ ሰዎች ቤት ለቤት የሚያውቁትን ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበባል። ይህ ጥሩ አሠራር ነው። ሩቅ ያለ ሹም የማያውቀውን ጎረቤት ያውቃል። ጎረቤት ግን አንዳንዴ ያወቀ እየመሰለው ይሳሳታል።

በስብሰባው ላይ የእማማ ስም ሲጠራ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ "ልጇ አረብ አገር ናት፤ ብር ትልክላታለች" ብሏል። ሌላው ደግሞ፣ "ልጆቹን የምታሳድጋቸው እናታቸው ናት፤ እማማ ለራሳቸው ይያዙ" አለ። ተስማሙ። አንድ ተብሎ ተጻፈ። ማንም ክፉ አላሰበም። እማማ በዚያ ስብሰባ አልነበሩም፤ ጉልበታቸውን ታመው ተኝተው ነበር።

ልጅቱ ትልካለች ወይ? በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ልካለች። ያን ብር ለመሄጃዋ የተበደሩት ዕዳ በላው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋም አልተሰማ። አረብ አገር ልጅ ያለው ሽማግሌ ሁሉ ሀብታም ይመስለናል። ከተማ ልጅ ያለውም እንደዚሁ። ልጅ መውለድና በልጅ መጦር ግን ለየብቻ ናቸው። መዝጋቢ የሚጠይቀው "ልጅ አለህ ወይ?" ብሎ ከሆነ መልሱ አዎ ይሆናል። "ባለፈው ወር ምን ላከልህ?" ቢል ሌላ መልስ ይሰማ ነበር።

የሴፍቲኔት አሠራር ደግሞ ያን ጊዜ ይል የነበረው አንድ ቤተሰብ ሲታቀፍ አባላቱ ይቆጠሩ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ቆጥሮ ቀሪውን መተው አይገባም ነበር። ስለዚህ እማማ በወር የ3 ሰው፣ ማለትም 45 ኪሎ ወይም የዚያን ዋጋ ማግኘት ነበረባቸው። ያገኙት የ15 ኪሎ ነው። በየወሩ 30 ኪሎ ጎደለባቸው። 8 ጊዜ 30 ስንት ነው? 240 ኪሎ ነው። ሁለት ኩንታል ከ40 ኪሎ እህል በአንዲት ቁጥር ምክንያት ቀረ። አምስቱ በጎችም ያለቁት በነዚሁ 8 ወሮች ውስጥ ነው።

ጎረቤትየው ይህን ሒሳብ ከኛ ጋር በመሬት ላይ በእንጨት ጻፉት። ከጻፉት በኋላ ብዙ ቆይተው አዩት።

በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ሰዎቹ ከመራጮቹ የተለዩ መሆን አለባቸው። እማማ ግን ለመሄድ አልወደዱም።

"ተዉ ልጄ" አሉ። "ይህችንም ይቀሙኛል።"

ይህ ፍርሃት የእማማ ብቻ አይደለም። በየሄድንበት የሰማነው ነው። ሽማግሌ ሰው ዕርዳታን እንደ ምጽዋት ያየዋል። ለማኝ ደግሞ ሲሰጡት አይከራከርም። ጎረቤትየው ማባበል ያዙ።

"ቁጥሩ ተሳሳተ ነው የምንል፤ ማን ምን በደለ አንልም" አሏቸው። "እኔ አነባለሁ፤ አንቱ ልጆቹን ይዘው ይቁሙ።"

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ሰኞ ሄዱ። እኛም አብረን ሄድን፤ ግን ከውጭ ቀረን። ጋዜጣ መጣ ተብሎ ነገሩ እንዳይከር ብለን ነው። እማማ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ትንሹን ልጅ ይዘው ገቡ። ትልቋ ከኋላ ነጠላቸውን ጨብጣ ተከተለች። ጎረቤትየው ካርዱን አነበቡ። ኮሚቴው ልጆቹን አየ። ከኮሚቴው አንዱ፣ "እናታቸው አትልክም ወይ?" አለ።

እማማ መልስ አልሰጡም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የቀረቻቸውን ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ያለኝ ይህ ነው" አሉ። "የላከችው ካለ እዚህ ውስጥ ፈልጉት።"

ኮሚቴው ጉዳዩን ጽፎ ለወረዳ ላከ።

በነሐሴ ተመልሰን ወደዚያው ቀበሌ ሄድን። ክረምቱ ደህና ገብቷል። ገብሱ ተዘርቷል። እማማ ግን ዘር ያገኙት በብድር ነው። ካርዱ ተለውጧል። የቤተሰብ ብዛት በሚለው ቦታ 3 ተጽፏል። ያለፈው 240 ኪሎ አልተመለሰም። "ከሚመጣው ነው የምንጀምር" ተብለዋል። አንዲቱ በግም ተሸጣለች።

የዚያን ቀንም ክፍያ ነበር። ድንጋዮቹ እንደ ልማዳቸው ተሰልፈዋል። እማማ ጣታቸውን ተጭነው ብሩን ተቀበሉ። በነጠላቸው ግን ወዲያው አልቋጠሩትም። ለጎረቤታቸው ሰጡ። ጎረቤትየው አንድ ጊዜ ቆጠሩ፤ ካርዱን አዩ፤ እንደገና ቆጠሩ።

"ልክ ነው" አሉ።

እማማ ብሩን ቋጥረው ከጥላው ሥር ተቀመጡ። ዛሬ ገብሱ ጣሳው ስንት እንደዋለ ከገበያ የሚመለሱትን ይጠይቃሉ። ባለ ቀዩ ድንጋይ አዛውንት ከተቀመጡበት ተነሡ። ከኪሳቸው የታጠፈ ካርድ አወጡ።

"እስቲ የኔንም ወዲህ አንብብልኝ" አሉ።